ዳውን ሲንድሮም ያለበትን ሕፃን በቤት ውስጥ ስለ ማስተማር

ሕፃን ትምህርት የሚጀምረው ፊደል በቆጠረበት ቀን እንደ ሆነ አድርገው የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ሕፃን በእናቱ ዕቅፍ ሆኖ ፊቷን አይቶ በሳቀ ጊዜ፤ ድምፅዋን ሰምቶ ራሱን ባዞረ ጊዜ፤ የተሰጠውን የቂጣ ቁራሽ ይዞ ወደ አፉ ባደረሰ ጊዜ ትምህርት ጀምሯል። ሌሎች ሕፃናት ይህን ሁሉ ማንም ሳይነግራቸው በዓይናቸውና በጆሮአቸው ስለሚለቅሙት፤ ወላጅ ማስተማሩን ራሱ አያስተውለውም። ዳውን ሲንድሮም ከሚባለው የአፈጣጠር ልዩነት ጋራ የተወለደ ሕፃን ግን ይህንኑ የቤት ትምህርት ታስቦበት፤ በጥቂት በጥቂቱ ተከፍሎ፤ በየቀኑ እየተደጋገመ ይፈልገዋል። ይህን ያገኘ እንደ ሆነ፤ ዘግይቶም ቢሆን ይቀመጣል፤ ይራመዳል፤ ይናገራል፤ ከቤተ ሰቡም ጋራ ሥራ ይሠራል። ያላገኘ እንደ ሆነ ግን፤ ተፈጥሮው ካደረሰበት ጉዳት ይልቅ ቸልታው ያደረሰበት ይበልጣል።

ይህ ጉዳይ በተለይ እንደ አምደወርቅ ላለ ስፍራ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አምደወርቅ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፤ በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ በተራራና በሸለቆ ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ ነው። የንግግር ሕክምና የተማረ ሰው፤ የሰውነት ማጠንከሪያ ሕክምና የሚያውቅ ባለሙያ፤ ለእንደነዚህ ያሉ ሕፃናት የተዘጋጀ መዋያ፤ እነዚህ ሁሉ በአዲስ አበባ እንኳ ለሚፈልጓቸው ሁሉ የማይበቁ ናቸው። የደሃና ገበሬ ልጅ ባለሙያ እስኪመጣለት ድረስ ይጠብቅ ቢባል፤ አእምሮ እጅግ የሚያድግባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በመጠበቅ ያልቃሉ። እናትና አባት፤ አያት፤ ወንድምና እኅት ግን በየጎጆው አሉ። ስለዚህ ጥያቄው ባለሙያ መቼ ይመጣል የሚል ሳይሆን፤ በቤት ያሉት ሰዎች ምን ይወቁ የሚል መሆን ይገባዋል።

አስቀድሞ የነገሩን ምንነት ማስረዳት ያስፈልጋል። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ዓመተ ምሕረት ጆን ላንግደን ዳውን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የእነዚህን ልጆች መልክና ጠባይ ለይቶ ጻፈ፤ ስሙም ከእርሱ ቀረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሐኪሙ የልጆቹን የዓይን አቀማመጥ አይቶ ከአንድ የእስያ ሕዝብ ጋራ አመሳስሎ የሰጣቸው ሌላ ስም ነበር፤ ይህ ስያሜ ሕዝቡን የሚያዋርድ፤ ልጆቹንም የማይገልጥ ስለ ነበረ፤ በ1965 ሞንጎልያ ባቀረበችው ጥያቄ የዓለም ጤና ድርጅት ትቶታል። ምክንያቱ የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት ያኽል በኋላ ነው። በ1959 ዤሮም ለዤን፤ ማርት ጎቲዬና ሬሞን ቱርፓን የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት፤ በእነዚህ ልጆች የሰውነት ሕዋስ ውስጥ አንድ ትርፍ ክሮሞዞም መኖሩን አስታወቁ። ክሮሞዞም ማለት ከአባትና ከእናት የሚወረሰውን የተፈጥሮ ትእዛዝ የተሸከመ ረቂቅ ክር ነው፤ ሰው በእያንዳንዱ ሕዋሱ 46 ሲኖረው፤ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው 47 አለው። ትርፉም 21ኛው ሲሆን፤ ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ በሦስተኛው ወር በ21ኛው ቀን፤ በእኛ አገር መጋቢት 12 ቀን፤ ስለ እነዚህ ሰዎች እንዲታሰብ የወሰነው ስለዚህ ነው።

ይህ ትርፍ ክር የሚገባው ፅንሱ ሲፀነስ ወይም ከዚያ በፊት ዘሩ ሲከፈል ነው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት የበላችው፤ የደነገጠችበት፤ ያየችው አውሬ ወይም ያለፈችበት ወንዝ አላመጣውም። ከጥቂቶች በቀርም በዘር የሚወረድ አይደለም። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ እየበዛ መሄዱ እውነት ነው፤ በ40 ዓመቷ ከምትወልድ እናት ከመቶ ልጆች አንድ ያኽል ይሆናል። ሆኖም ብዙ የሚወልዱት ወጣቶቹ ስለ ሆኑ፤ ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ከወጣት እናቶች የተወለዱ ናቸው። በዓለም ላይ ከሺህ ልደት አንድ ያኽል እንደዚህ እንደሚሆን ይገመታል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጡ ሕፃናት ስለሚወለዱ፤ በዚህ ስሌት በየዓመቱ ከ3,000 የማያንሱ ቤተ ሰቦች ይህ ነገር ይገጥማቸዋል ማለት ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በዋግ ተራሮች ላይ ያሉ መሆናቸው የማይቀር ነው፤ በአደባባይ አለመታየታቸው አለመኖራቸውን አያስረዳም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕፃን በተወለደ ጊዜ ከቤተ ሰቡ ውጭ ቀድሞ የሚያየው ማን ነው? ሆስፒታል በራቀበት አገር መልሱ ቀላል ነው፤ ካህኑ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ለጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። በዚያን ቀን ካህኑ ሕፃኑን በእጁ ይቀበለዋል፤ ሰውነቱ ልል መሆኑን፤ አንገቱ ከእኩዮቹ ይልቅ አለመጽናቱን፤ ዓይኖቹ ወደ ላይ ያዘነበሉ መሆናቸውን ያያል። እናቲቱም የካህኑን ፊት ታያለች። ከዚህ በኋላ የሚነገረው አንድ ቃል የሕፃኑን ዕድሜ ሙሉ ሊወስን ይችላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገሩ የእርግማን ነው፤ የአያት ቅድመ አያት ኃጢአት ነው የተባለ እንደ ሆነ፤ አባት ያፍራል፤ እናት ሕፃኑን በጓዳ ትሸሽጋለች፤ ጎረቤት መጠየቅ ይተዋል። የተሸሸገ ሕፃን ደግሞ ክትባት አያገኝም፤ ቃል አይሰማም፤ የሌሎች ልጆችን ጨዋታ አያይም፤ ስለዚህ ሳይናገርና ሳይራመድ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እርግማኑ እውነት መሰለ ይባላል።

ለካህናት ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ ሊሆን አይገባውም። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ ጥያቄ ነበረ፤ የተሰጣቸውም መልስ ጥፋቱን ከሰውዬውም ከወላጆቹም ላይ ያነሣ ነው። ይህን ምዕራፍ በየዓመቱ የሚያነብና የሚተረጕም ካህን፤ ለአንዲት ኀዘንተኛ እናት በመቅደሱ በር ላይ ለመድገም ሌላ ትምህርት አያሻውም። የንስሐ አባትም ከጥምቀቱ በኋላ ወደ ቤት መግባቱ የተለመደ ስለ ሆነ፤ ሕፃኑን እንዲያወጡት ቢጠይቅ፤ በስሙ ቢጠራው፤ ቢባርከው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይህን አይቶ ይከተለዋል። በጠበል መጠመቅን ማንም አይከለክልም፤ ነገር ግን ጠበሉ ሐኪም ዘንድ መሄድን እንዳያስቀር ማሳሰብ የካህኑ ፋንታ ነው፤ የሚያስቀር ከሆነ ምን ያኽል ነፍስ እንደሚያስከፍል ከዚህ ቀጥሎ ይታያል።

ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ የሚሆኑት ከልብ ጉድለት ጋራ ይወለዳሉ። ጡት ሲጠባ የሚደክም፤ የሚያልበው፤ ከንፈሩ የሚጠቁር፤ ትንፋሹ የሚፈጥን ሕፃን ልቡ መመርመር አለበት። በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ልብን በቀዶ ሕክምና ለመጠገን ግን ጉዞው እስከ አዲስ አበባ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ መርጃ ማኅበርን በ1989 አቋቁመው፤ ከሃያ ዓመት ድካም በኋላ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማእከል ተከፍቷል። ተራው ረጅም ነው፤ ስለዚህም ቀድሞ መታወቁ ይጠቅማል። ከልብ ቀጥሎ ጆሮ ነው፤ በእነዚህ ልጆች ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ መስማታቸውን ስለሚቀንሰው፤ አልሰማም ያለ ልጅ አልገባውም ተብሎ ይታለፋል። ከአንገት በታች ያለው የእንቅርት ዕጢም ሥራው ሊያንስ ይችላል፤ ይህ በደም ምርመራ የሚታወቅ፤ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን የሚታከም ሲሆን፤ ሳይታከም የቀረ እንደ ሆነ አእምሮን ያዘገያል። ሳንባቸውም ለብርድና ለጢስ ደካማ ስለ ሆነ፤ ምድጃው ከሚነድበት ጎጆ ራቅ አድርጎ ማስተኛት ትልቅ ሕክምና ነው። በአሜሪካ በ1983 የእነዚህ ሰዎች አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ያኽል የነበረው፤ ዛሬ ወደ 60 የደረሰው በአብዛኛው የልባቸው ጉድለት በጊዜ እየተጠገነ ስለ ሆነና ሰዎቹ በየተቋሙ ከመዘጋት ወጥተው በቤታቸው ማደግ ስለ ጀመሩ ነው።

ስለ ምግብ ደግሞ ለዋግ አገር የተለየ ነገር አለ። ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት ረኃብ ቀድሞ የሚነካው ሕፃናትን ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን ምላሱ ልልና ወደ ውጭ የሚወጣ፤ አፉም ትንሽ ስለ ሆነ መጥባትና መዋጥ ይዘገይበታል። እናት ጡቷን በአንድ እጅ፤ የሕፃኑን አገጭ በሌላው ደግፋ፤ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ብዙ ጊዜ ማጥባት ይኖርባታል። ይህ ካልተደረገ ሕፃኑ ይከሳል፤ ሰዎችም ድሮም ተፈጥሮው ነው ብለው ይተውታል። እውነት ነው፤ እነዚህ ልጆች በቁመት አጭር ናቸው፤ ክሳት ግን ከዳውን ሲንድሮም የሚመጣ ሳይሆን ከረኃብ ወይም ከበሽታ የሚመጣ ነው። የክንድ መለኪያው ቀይ ያሳየበት ሕፃን፤ ዳውን ሲንድሮም ቢኖርበትም ባይኖርበትም፤ በኦቾሎኒ የተሠራው አልሚ ምግብ ይገባዋል። ማር የሞላበት አገር ስለ ሆነም ይህን ማስታወስ ደግ ነው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን፤ የትኛውም ሕፃን ቢሆን፤ ማር ማቅመስ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ነገር እንመለስ። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ፖርቴጅ በምትባል ከተማ በ1969 አንድ ሥራ ተጀመረ። አካባቢው የገጠር፤ መንደሮቹ የተራራቁ ስለ ነበሩ፤ ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን በአንድ ቤት ሰብስቦ ማስተማር አልተቻለም። ስለዚህ አስተማሪዋ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ እያንዳንዱ ቤት እየሄደች፤ ሕፃኑን ሳይሆን እናቱን ታስተምር ጀመር። ለሳምንቱ የሚሆን አንድ ወይም ሁለት ትንሽ ሥራ ትሰጣታለች፤ ለምሳሌ ሕፃኑ ኩባያ በሁለት እጁ እንዲይዝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ሆኗል አልሆነም ብላ ታያለች፤ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል፤ ያልሆነ እንደ ሆነ ሥራው ከዚያም ባነሰ ቁራጭ ይከፈላል። ይህ ብልሐት ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞ በየአህጉሩ ሠርቷል። ሀብታም አገር ለድኻና ለራቀ መንደር ያበጀው ስለ ሆነ፤ ለደሃና እንግዳ አይደለም።

የብልሐቱ ምሥጢር ሥራን መከፋፈል ነው። ምግብ ከመቅረቡ በፊት እጅ መታጠብን የመሰለ ነገር ለትልቅ ሰው አንድ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሕፃን ግን ብዙ ሥራ ነው፤ ወደ ማስታጠቢያው መቅረብ፤ እጅን መዘርጋት፤ ውሃው እስኪፈስ መታገሥ፤ ሁለቱን መዳፎች ማሸት፤ ማራገፍ። እናት መጀመሪያ ሁሉንም በእርሷ እጅ እጁን ይዛ ታሠራዋለች፤ መጨረሻ ያለውን ማራገፉን ብቻ ለእርሱ ትተውለታለች። እርሱን የቻለ ቀን ማሸቱን ትለቅለታለች፤ እንዲህ እያለች ከኋላ ወደ ፊት ትሄዳለች። ሕፃኑ ዘወትር የሚፈጽመው የመጨረሻውን ክፍል ስለ ሆነ፤ በየቀኑ ሥራ ፈጽሞ ደስ ይለዋል፤ ጀምሮ የማቃተው ሕፃን ግን ቶሎ ተስፋ ይቈርጣል።

ሰውነቱን ለማጽናትም ከገበያ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም። በነቃበት ሰዓት በአጎዛ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፤ እናት ፊት ለፊቱ ተኝታ ስሙን ብትጠራው፤ ሊያያት ራሱን ቀና ያደርጋል፤ አንገቱም ይጸናል። ጀርባው እየጸና ሲሄድ በእግሮቿ መካከል አስቀምጣ፤ ቅል ወይም ሰፌድ ከእጁ ጥቂት አርቃ ብታኖርለት፤ ሊደርስበት ሲዘረጋ መቀመጥን ይማራል። ቆይቶም መደቡን ይዞ ይቆማል። ብዙዎቹ የሚራመዱት ሁለት ዓመት አካባቢ ሲሆን፤ እስከ ሦስትና አራት ዓመት የሚዘገዩም አሉ፤ ስለዚህ በዓመቱ አልሄደም ተብሎ አይታዘንበት። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የአንገታቸው አጥንት ማያያዣ ልል ስለ ሆነ፤ በእጅ ወደ ላይ መወርወር፤ ራስን ይዞ መነቅነቅ አይገባም። ለጣቶቹ ደግሞ የእህል ነገር ይበቃል፤ ባቄላ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው መገልበጥ፤ ጥጥ መዘርዘር፤ ስንደዶ በቀዳዳ ማሾለክ፤ ነገር ግን ሕፃን ሁሉን ወደ አፉ ስለሚወስድ ከዓይን ሳይርቅ መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቋንቋ ነገር ነው። እነዚህ ሕፃናት ከሚናገሩት ይልቅ የሚገባቸው ይበዛል፤ በጆሮ ከሚሰሙት ይልቅ በዓይን የሚያዩት ይቀመጥላቸዋል። ስለዚህ ቃል ሁሉ ምልክት ይፈልጋል። ውሃ ሲባል እጅን እንደ ኩባያ አድርጎ ወደ አፍ ማቅረብ፤ እንብላ ሲባል ጣቶችን ሰብስቦ ማሳየት፤ ና ሲባል በእጅ መጥራት። በእጅ ምልክት የለመደ ልጅ መናገር ይሰንፋል የሚለው ፍርሃት ከንቱ ነው፤ ምልክቱ እስከ ቃሉ የሚያደርስ ድልድይ ሆኖ፤ ቃሉ በመጣ ጊዜ ራሱ ይቀራል። ንግግሩም አጭር ይሁን፤ ጠይቆም መጠበቅ ያስፈልጋል። የሕፃኑ አእምሮ የሰማውን አስቦ ለመመለስ ጊዜ ስለሚወስድ፤ ጠያቂው በልቡ እስከ አምስት ወይም እስከ ዐሥር ቢቈጥር መልሱ ይመጣል። ትልቅ ሰው በዝምታ መጠበቅን አይችልበትም፤ እርሱ ራሱ መልሶ ያልፋል፤ በዚህም ልጁ ተራው የእርሱ እንዳልሆነ ይማራል።

በዋግ በብዙ ቤቶች የሚነገረው ኽምጣና የተባለው የአገው ቋንቋ ነው፤ በገበያና በቢሮ ደግሞ አማርኛ ይነገራል። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ለእንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ቋንቋ ይከብደዋልና በአማርኛ ብቻ አናግሩት ብለው ይመክራሉ። ምክሩ በበጎ ልብ የተሰጠ ቢሆንም ትክክል አይደለም። በሁለት ቋንቋ ያደጉ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች የተመረመሩበት ጥናት በሌላ አገር ተደርጎ፤ ሁለተኛው ቋንቋ እንዳልጎዳቸው ተገኝቷል። እናት በምትወደውና በምትቀልድበት ቋንቋ ትናገረው፤ በተቸገረችበት አማርኛ የምትናገረው ቃል ያንሳል፤ ያነሰውን ቃል የሚከፍለው ደግሞ ሕፃኑ ነው።

ስለ ንባብ የሚነገረው ታሪክ ለካህናት በተለይ ደስ የሚያሰኝ ነው። በእንግሊዝ አገር ሌስሊ ዳፈን የሚባል አባት ዳውን ሲንድሮም የነበረባት ሣራ የምትባል ልጅ ነበረችው። በዚያ ጊዜ እነዚህ ልጆች ማንበብ አይችሉም ተብሎ በሊቃውንቱ ዘንድ የተወሰነ ነበረ። አባትዋ ግን ገና በሦስት ዓመትዋ ቃላትን በካርድ እየጻፈ፤ በቤት ውስጥ ያስተምራት ጀመር፤ እርስዋም አነበበች፤ የሚያስደንቀውም ከማንበቧ የተነሣ ንግግሯ ተስተካከለ። አባትየው ይህን ጽፎ በ1980 አካባቢ በፖርትስማውዝ ለነበረችው ለሱ በክሊ ላከላት፤ እርሷም ነገሩን በሌሎች ልጆች መርምራ እውነት ሆኖ አገኘችው። ዛሬ በብዙ አገር ለእነዚህ ልጆች ንባብ የሚሰጠው ከተናገሩ በኋላ ሳይሆን፤ እንዲናገሩ ነው። ጆሮ ያልያዘውን ዓይን ይይዘዋልና። ከዚህም የሚያልፉ አሉ፤ ፓብሎ ፒኔዳ የተባለው የማላጋ ሰው፤ በኤውሮፓ ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሰዎች መካከል የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በማግኘት የመጀመሪያው ነው። ልጅ ሁሉ እዚያ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ማንም ሰው ሕፃኑን በ40 ቀኑ አይቶ የት እንደሚቆም ሊናገር አይችልም ማለት ነው እንጂ።

እንግዲህ የኔታ በዛፍ ጥላ ሥር በስንደዶ ፊደል ሲያስቈጥሩ የሚያደርጉት ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ልጁ ምልክቱን ያያል፤ በጣቱ ወይም በስንደዶው ይነካዋል፤ በዜማ ይጠራዋል፤ ይህንንም ከጓደኞቹ ጋራ በአንድ ድምፅ መቶ ጊዜ ይደጋግመዋል። ማየት፤ መንካት፤ ዜማ፤ መደጋገም፤ ከእኩያ ጋራ መሆን፤ እነዚህ አምስቱ ዳውን ሲንድሮም ላለበት ልጅ የሚስማሙ ናቸው። የማይስማማው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዱላውና ስድቡ ነው። የዘገየውን ልጅ የሚያሸማቅቅ ጉባኤ፤ ያ ልጅ ሁለተኛ እንዳይመጣ ያደርገዋል። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል በአንድ ጊዜ ከመስጠትም፤ የራሱን ስም፤ የእናቱን ስም፤ ውሃና እንጀራ የሚሉትን ቃላት በወረቀት ጽፎ፤ ከነገሩ ጋራ እያገናኙ ማሳየት ይቀድማል፤ ፊደሎቹ ከዚያ ተነቅለው ይታወቃሉ።

በቤት ውስጥ የሚፈተነው የወላጅ ፍቅር ጭምር ነው። የሚሸሽጉ እንዳሉ ሁሉ፤ ከርኅራኄ ብዛት ምንም ሳያሠሩ፤ እስከ ሰባት ዓመቱ በእጃቸው የሚያጎርሱም አሉ። ይህም ከመሸሸጉ ያላነሰ ጉዳት ነው። ልጁ ግልገል ያግድ ዘንድ፤ ከታላቁ ጋራ ውሃ ይቀዳ ዘንድ፤ ለእንግዳ ወንበር ያቀርብ ዘንድ፤ ባጠፋም ጊዜ እንደ ወንድሞቹ ይቈጡት ዘንድ ይገባል። አባቶች ይህ የሴት ጉዳይ ነው ብለው የሚርቁበት ልማድ አለ፤ ልጁን በትከሻው ይዞ ወደ ገበያ የወጣ አባት ግን በአንድ ቀን የሠራውን፤ ስብሰባ በዓመት አይሠራውም። በአገራችንም ነገሩን ከጓዳ ወደ አደባባይ ያወጡ ወላጆች ናቸው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባዔ የነበሩት አቶ አባዱላ ገመዳ በልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቁመው፤ ዳውን ሲንድሮም ስላለባቸው ልጆች በግልጥ መናገራቸው ብዙ ቤተ ሰቦችን አደፋፍሯል።

ለሹማምንት የሚቀረው፤ ያለውን መዋቅር ለዚህ ማዋል ነው። ሕጉ አለ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዝዛል፤ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የተደረገውን የዓለም ስምምነትም ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቃዋለች። ሰውም አለ፤ ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ይሠራሉ፤ ይኸውም ከፖርቴጅ አስተማሪዎች መንገድ ጋራ አንድ ዓይነት ነው። በሰቆጣ ስም የተሰየመው ቃል ኪዳንም አለ፤ በ2015 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጦት መቀንጨራቸው በ2030 እንዲቀር ሲወስን፤ ውሳኔውን በዋግ ዋና ከተማ ስም ጠርቶታል። ሕፃኑን ለመመዘን ወደ ቤት የገባች ሠራተኛ ክብደቱን ጽፋ ከመውጣትዋ በፊት፤ ለእናቱ የሳምንቱን አንድ ትንሽ ሥራ ብታሳይ የሚያስወጣው ተጨማሪ ወጪ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገው እርስዋን ለጥቂት ቀናት ማሠልጠንና ሥዕል ያለበት በኽምጣናና በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት መስጠት ነው። በሰቆጣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚሠለጥኑ አስተማሪዎችም ወደ ደሃና ሲላኩ፤ እንዲህ ያለ ልጅ በክፍላቸው ቢገኝ ወደ ኋላ ወንበር የማይሰዱ ሆነው መውጣት አለባቸው። ከ2020 እስከ 2022 የነበረው ጦርነትና ከዚያም ወዲህ ያለው የጸጥታ ችግር ጤና ጣቢያንና ትምህርት ቤትን እንደ ጎዳ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይኸው ችግር በቤት ውስጥ የሚሠራውን ትምህርት ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በዚያን ቀን አስተማሪው የማያውቀውን እናት ታውቃለች፤ ስንት ቃል እንደሚናገር፤ ውሃ ሲፈልግ በየትኛው ምልክት እንደሚጠይቅ፤ በየትኛው ጆሮው ይልቅ እንደሚሰማ፤ ሲደክመው ምን እንደሚያደርግ፤ የቱን ዜማ ሲሰማ እንደሚስቅ። ይህ ሁሉ በአንድ ደብተር ከየሳምንቱ ሥራ ጋራ ተጽፎ ለአስተማሪው ሊሰጠው ይገባል። እናቲቱ መጻፍ የማትችል እንደ ሆነች ታላቅ እኅቱ ትጽፍላታለች፤ እኅት የሌለው እንደ ሆነም፤ በየወሩ ወደ ቤት የሚገባው የንስሐ አባት መጻፍ ያውቃል።